በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚታየው የጂኖች መታፈንና በሕዝቦች መካከል ያለው ልዩነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት የካንሰር ዓይነቶች በሦስተኛ ደረጃ፣ በገዳይነቱ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ ታማሚ ሆነዋል፤ ከ900,000 በላይ ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ታማሚዎች፣ ቤተሰቦቻቸውና የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች በጉዳዩ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂን ታፈነ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሰውነታችን ህዋሳት ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም የአንጀት ህዋስና የነርቭ ህዋስ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው፤ እያንዳንዱ ህዋስ ከጂኖቹ መካከል ለሥራው የሚያስፈልጉትን ብቻ እያነበበ የቀሩትን ዘግቶ ያስቀምጣልና። ይህ የመክፈትና የመዝጋት ሥራ የዲኤንኤውን የፊደላት ቅደም ተከተል ሳይነካ በላዩ ላይ በሚቀመጡ ኬሚካላዊ ምልክቶች አማካይነት ይከናወናል፤ ምልክቶቹን የሚያጠናው ዘርፍም ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

በአንጀት ካንሰር ጥናት ውስጥ ከሁሉም በላይ የተመረመረው ምልክት ሜቲሌሽን ነው። ሳይቶሲን የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ከጉዋኒን ቀድሞ በሚገኝባቸው ሲፒጂ በሚባሉ ቦታዎች ላይ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ሜቲል የተባለ ቡድን ሳይቶሲኑ ላይ ይለጠፋል። ከግማሽ የሚበልጡ ጂኖቻችን ንባባቸው በሚጀምርበት ፕሮሞተር በተባለው ክፍል ላይ እነዚህ ሲፒጂዎች ተሰብስበው ስለሚገኙ ስፍራው የሲፒጂ ደሴት ይባላል። ጤናማ በሆነ ህዋስ ውስጥ አብዛኞቹ ደሴቶች ከሜቲል ነጻ ናቸው። ደሴቱ በሜቲል ሲሸፈን ግን ሜቲልን ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ፣ ዲኤንኤው የተጠመጠመባቸው ሂስቶኖችም ይጠባበቃሉ፣ ጂኑም መነበቡን ያቆማል። የጂኑ ጽሑፍ ሳይጎድል፣ ገጾቹ እንደተጣበቁ መጽሐፍ የማይነበብ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ከሚውቴሽን በምን ይለያል?

ሚውቴሽን የፊደል ለውጥ ስለሆነ ህዋሱ መልሶ ሊያስተካክለው አይችልም ማለት ይቻላል። ሜቲሌሽን ግን በመርህ ደረጃ ሊነሳ የሚችል ምልክት ነው። በሌላ በኩል፣ ህዋስ ሲከፋፈል ዲኤንኤምቲ1 የተባለው ኢንዛይም የእናት ህዋሱን የሜቲል ምልክቶች በአዲሱ የዲኤንኤ ክር ላይ ስለሚገለብጣቸው፣ አንድ ጊዜ የታፈነ ጂን ከዚያ ህዋስ በሚወለዱት ህዋሳት ሁሉ ታፍኖ ሊቀጥል ይችላል። ለካንሰር ሁለቱም መንገዶች አንድ ውጤት አላቸው፤ ዕድገትን የሚቆጣጠር ወይም ዲኤንኤን የሚጠግን ጂን ከሥራ ውጪ ይሆናል።

በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚታፈኑት የትኞቹ ጂኖች ናቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ዋናው ግን ኤምኤልኤች1 ነው። ይህ ጂን የሚያስገኘው ፕሮቲን ዲኤንኤ ሲገለበጥ የተፈጠሩ ስህተቶችን ለይተው ከሚያርሙት አንዱ ነው። ፕሮሞተሩ በሜቲል ሲታፈን ስህተቶች ሳይታረሙ ይከማቻሉ፤ በተለይም አንድ ፊደል ወይም ጥቂት ፊደላት እየተደጋገሙ በሚጻፉባቸው ማይክሮሳተላይት በተባሉ ቦታዎች ላይ የድግግሞሹ ቁጥር ይዛባል። የዚህ ዓይነት የማይክሮሳተላይት አለመረጋጋት ከትልቁ አንጀት ካንሰሮች መካከል በ15 በመቶ ገደማ ይታያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዘር የተወረሱ ሳይሆኑ በሕይወት ዘመን በመጣ የኤምኤልኤች1 መታፈን የተነሱ ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ሊንች ሲንድሮም ከተባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር የሚመጡ ናቸው።

ከዚህ ሌላ በአልካይል ኬሚካሎች የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግነው ኤምጂኤምቲ፣ የህዋስ ክፍፍልን የሚገታውን ፒ16 የተባለ ፕሮቲን የሚያስገኘው ሲዲኬኤን2ኤ፣ እንዲሁም ደብልዩኤንቲ የተባለውን የዕድገት ምልክት መስመር የሚያቀዘቅዙት የኤስኤፍአርፒ ቤተሰብ ጂኖች በተደጋጋሚ ታፍነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። በዕጢ ውስጥ ሜቲሌሽን የተገኘበት ጂን ሁሉ ካንሰሩን ያመጣ ጂን አይደለም። ብዙዎቹ በጤናማው የአንጀት ሽፋንም ቢሆን የማይነበቡ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚነበቡ ጂኖች ናቸው፤ ስለዚህ ሜቲሉ የጨመረው አዲስ ጉዳት ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያሉት ጂኖች ለምርመራ ምልክትነት ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ የበሽታው መንስኤ ተደርገው መቅረብ የለባቸውም። ከዚህም በላይ ሜቲል በፕሮሞተሮች ላይ ሲበዛ በቀረው የዲኤንኤ ክፍል ላይ በአንጻሩ እንደሚሳሳ መዘንጋት አይገባም፤ አንድሩ ፋይንበርግና በርት ቮግልስታይን እ.ኤ.አ. በ1983 በሰው ካንሰር ላይ መጀመሪያ ያሳዩት ይህንን መሳሳት ነበር።

ሲምፕ የሚባለው የካንሰር ዓይነት ምንድን ነው?

አንዳንድ ዕጢዎች አንድና ሁለት ጂን ብቻ ሳይሆን ብዙ የሲፒጂ ደሴቶች በአንድነት የተሸፈኑባቸው ናቸው። ይህን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚኖሩ ቶዮታ፣ ዣን ፒየር ኢሳና ባልደረቦቻቸው ለይተው አሳወቁ፤ በአሕጽሮት ሲምፕ ይባላል። ሲምፕ ያለባቸው ዕጢዎች በትልቁ አንጀት የቀኝ ክፍል፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎችና በሴቶች ላይ ይበዛሉ፤ ብራፍ በተባለው ጂን ላይ ቪ600ኢ የተሰኘው ሚውቴሽንም አብሯቸው ይገኛል። መነሻቸው በአብዛኛው የተለመደው አዴኖማ የተባለው ፖሊፕ (በአንጀት ሽፋን ላይ የሚበቅል እብጠት) ሳይሆን ጠርዘ ጥርሳም የሚመስለው፣ ጠፍጣፋና ከአካባቢው ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ሌላ ዓይነት ፖሊፕ ነው። ጠፍጣፋነቱና ላዩን የሚሸፍነው ንፍጥ አንጀትን በካሜራ በሚያየው ኮሎኖስኮፒ በተባለው ምርመራ ወቅት በቀላሉ እንዲታለፍ ስለሚያደርጉት፣ የመርማሪው ጥንቃቄና የአንጀቱ በደንብ መጽዳት እዚህ ላይ ልዩ ክብደት አላቸው።

በሕዝቦች መካከል በእርግጥ ልዩነት ታይቷል?

አዎን፣ ታይቷል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከጂን ወደ ጂንና ከጥናት ወደ ጥናት አንድ ዓይነት አይደለም።

ትምህርት ሰጪ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ፣ ከ41,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ከተከታተለ ጥናት ነው። በዚያው ከተማ ከሚኖሩት መካከል ከጣሊያንና ከግሪክ የፈለሱት፣ የዘር ሐረጋቸው ከብሪታንያና ከአየርላንድ ከሆነው ጋር ሲነጻጸሩ ሲምፕ ወይም የብራፍ ሚውቴሽን ባለባቸው የአንጀት ካንሰሮች የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው በዚህ ውጤት መሠረት ልዩነቱ የታየው በዚህ ንዑስ ዓይነት ላይ እንጂ በሌሎቹ የአንጀት ካንሰሮች ላይ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች አውሮፓውያን ተብለው በአንድ ስም ይጠቃለሉ የነበሩ መሆናቸው ውጤቱን ይበልጥ አስተማሪ ያደርገዋል፤ በምርምር ወረቀቶች ላይ የምናያቸው ሰፋፊ የሕዝብ ስሞች በውስጣቸው ምን ያህል ልዩነት እንደሚደብቁ ያሳያልና።

በምሥራቅ እስያም የብራፍ ቪ600ኢ ሚውቴሽን ከምዕራባውያን አገሮች ያነሰ ድግግሞሽ እንዳለው ከጃፓን፣ ከቻይናና ከኮሪያ የወጡ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ።

በአሜሪካ በጥቁሮች ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ጠቅለል አድርጎ መናገር ይበልጥ ከባድ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ20 በመቶ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ዕጢያቸውም በቀኝ የአንጀት ክፍል ላይ የመገኘት አዝማሚያ አለው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች የሜቲሌሽን ልዩነት እንዳለ ለማየት ጥረት አድርገዋል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ዕጢዎች ላይ ይበልጥ ታፍነው የተገኙ ጂኖችንም ዘርዝረዋል። ሆኖም ለምሳሌ የማይክሮሳተላይት አለመረጋጋት መጠንን በተመለከተ፣ ከአንድ ሆስፒታል በተሰበሰቡ ጥቂት ናሙናዎች ላይ የተመሠረቱ ቀደምት ጥናቶች ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳዩ፣ ሰፋ ያለ የሕዝብ ናሙና የወሰዱ ሌሎች ጥናቶች ከነጮች ጋር ተመሳሳይ ወይም ያነሰ ቁጥር አግኝተዋል። ናሙናው ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መሄድ ወደ የተሳሳተ መደምደሚያ ያደርሳል።

ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

ከአንድ ምክንያት አይመጣም። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ጤናማ በሆነ የአንጀት ሽፋን ውስጥ እንኳ አንዳንድ ጂኖች ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ሜቲል እየተሸከሙ ይሄዳሉ፤ በኢስትሮጅን ተቀባይ ጂን ላይ ይህ እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል። ስለዚህ የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 45 የሆነበትን አገርና 70 የሆነበትን አገር በቀጥታ ማነጻጸር፣ የዕድሜን ልዩነት የሕዝብ ልዩነት አስመስሎ ያቀርባል። ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የታማሚዎቹ ዕድሜ ዝቅተኛ መሆኑን ስናስብ ይህ ነጥብ ትንሽ አይደለም። የዕጢው ቦታና ጾታም እንዲሁ ናቸው፤ ከአንዱ ወገን የቀኝ፣ ከሌላው ወገን የግራ ዕጢዎች በብዛት ከተወሰዱ በሲምፕ ላይ ልዩነት መታየቱ የማይቀር ነው።

ሁለተኛው አኗኗር ነው። ሲጋራ ማጨስ ሲምፕ፣ የብራፍ ሚውቴሽንና የማይክሮሳተላይት አለመረጋጋት ካለባቸው ካንሰሮች ጋር ያለው ግንኙነት ከሌሎቹ የአንጀት ካንሰሮች ጋር ካለው የጠነከረ ነው። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊየተም የተባለው ባክቴሪያም በእነዚሁ ዕጢዎች ውስጥ ይበዛል፤ ባክቴሪያው መንስኤ ይሁን ወይስ ለእሱ የተመቸ አካባቢ ስላገኘ ብቻ የሚበዛ ግን በዚህ ብቻ መወሰን አይቻልም። የምግብ ጉዳይም አለ። የአንጀት ባክቴሪያዎች ቃጫ ያለውን ምግብ ሲያብላሉ የሚፈጠረው ቡቲሬት ሂስቶኖችን የሚያጠባብቁትን ኢንዛይሞች የሚገታ ስለሆነ በኤፒጄኔቲክስ ላይ በቀጥታ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። ቃጫ የበዛበትንና ስብ ያነሰበትን ምግብ በበሉት አሜሪካውያን አንጀት ውስጥ የቡቲሬት ምርት ሲጨምር የሽፋኑ መቆጣትና የህዋሳቱ መባዛት ቀነሰ፤ በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ የታየው ተቃራኒው ነበር። ጥናቱ ካንሰርን አልለካም፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ነገር ግን የአንጀት ሽፋን ለአኗኗር ምን ያህል ፈጥኖ ምላሽ እንደሚሰጥ ማሳየቱ አይካድም።

ሦስተኛው የተወረሰ የጂን ልዩነት ነው። በኤምኤልኤች1 ፕሮሞተር ላይ ጂ የተባለው ፊደል በነበረበት ቦታ ኤ የተባለው የተተካበት የተለመደ ልዩነት አለ፤ ይህን የያዙ ሰዎች ካንሰር ሲይዛቸው ኤምኤልኤች1 የታፈነበት ዓይነት የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከአውሮፓውያን ይልቅ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው። እንዲህም ሆኖ በምሥራቅ እስያ በኤምኤልኤች1 መታፈን የሚመጣው ካንሰር በዚያ ልክ በዝቶ አልተገኘም። በእኔ ግምት አንድ የተወረሰ ፊደል ብቻውን የሕዝብን የበሽታ ገጽታ እንደማይወስን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ታዲያ ይህ የዘር ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። በጥናቶች ውስጥ የሚጻፉት የዘር መጠሪያዎች ታማሚው ራሱን የጠራበት ወይም መዝጋቢው የሞላው ማኅበራዊ ስያሜ ናቸው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የዘረመል ብዝኃነት የሚገኘው በአፍሪካ ሕዝቦች መካከል ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር በሚል አንድ ቃል ሁሉንም ጠቅልሎ ስለ ሜቲሌሽን መናገር የሳይንስን ጥራት ይጎዳል። የሞት ልዩነትን በተመለከተ ደግሞ በወቅቱ አለመመርመር፣ ዘግይቶ መታከምና የሕክምናው ጥራት ራሳቸውን የቻሉ ከባድ ምክንያቶች ናቸው፤ እነዚህን ወደ ጎን ትቶ መልሱን በሜቲል ውስጥ ብቻ መፈለግ ሊታረም የሚችለውን ጉድለት የተፈጥሮ ዕጣ ያስመስለዋል።

የምርመራው ዘዴ ራሱ የሐሰት ልዩነት ሊፈጥር ይችላል?

ይችላል፤ ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ስለሚነሳ ትንሽ ልዘርዝረው። ሜቲሌሽንን ለማንበብ ዲኤንኤው ባይሰልፋይት በተባለ ኬሚካል ይታከማል። ሜቲል የሌለው ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይለወጥና በንባብ ጊዜ ቲ ሆኖ ይታያል፤ ሜቲል ያለው ግን ሲ ሆኖ ይቀራል። አሁን አንድ ሰው በዚያው ቦታ ላይ ከወላጆቹ የወረሰው ፊደል ከመጀመሪያውም ቲ ነው እንበል። መሣሪያው ይህን ሰው ሜቲል እንደሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጉዳዩ ግን የፊደል እንጂ የሜቲል አይደለም። በሲፒጂ ቦታዎች ላይ ሲ ወደ ቲ የመለወጥ ነገር በጣም የተለመደ፣ ድግግሞሹም ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚለያይ ስለሆነ፣ የተወረሰው ልዩነት ካልተጣራ ሁለት ሕዝቦች በሜቲሌሽን የተለያዩ መስለው ይወጣሉ።

በዚህ ላይ በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን የተቀመጠ ናሙና ዲኤንኤው የተሰባበረ መሆኑ፣ በናሙናው ውስጥ ከካንሰሩ ህዋሳት ጋር የተቀላቀሉት ጤናማ ህዋሳት ብዛት፣ እንዲሁም ታፍኗል ለማለት የሚወሰደው መነሻ መጠን ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ መለያየቱ ይጨመራል። የሲምፕ መለያ ጂኖች ዝርዝር እንኳ በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም።

በሜቲሌሽን ላይ የተመሠረቱ የቅድመ ምርመራ ዘዴዎች ለሁሉም ሕዝብ እኩል ይሠራሉ?

ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል። ኮሎጋርድ የተባለው የሰገራ ምርመራ የኤንዲአርጂ4ና የቢኤምፒ3 ጂኖችን ሜቲሌሽን፣ ኬራስ በተባለው ጂን ላይ ያለ ሚውቴሽንንና በሰገራ ውስጥ ያለ ደምን አንድ ላይ የሚያይ ሲሆን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ጸድቋል። ለማጽደቂያነት በቀረበው፣ 10,000 ያህል ሰዎችን ባሳተፈው ጥናት ካንሰር ካለባቸው መካከል 92 በመቶውን ሲያገኝ፣ ደምን ብቻ የሚፈልገው የሰገራ ምርመራ 74 በመቶውን አግኝቷል። በአንጻሩ ካንሰርም ሆነ አደገኛ ፖሊፕ የሌለባቸውን ሰዎች በስህተት አለባችሁ ማለቱ ከሌላው ይበዛል፤ ይህም በዕድሜ ይጨምራል። ሁለተኛው በደም ውስጥ የሴፕቲን 9 ጂንን ሜቲሌሽን የሚፈልገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው ኤፒ ፕሮኮሎን ነው፤ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ካንሰሩን ያገኘው ከግማሽ ባነሱት ላይ ስለነበር ሌላውን ምርመራ እምቢ ላሉ ሰዎች የሚቀርብ ሆኖ ቀርቷል። ሦስተኛው በኮሪያና በቻይና ተመራማሪዎች በስፋት የተጠናው የኤስዲሲ2 ጂን የሰገራ ምርመራ ነው።

በአንድ ሕዝብ ላይ የተገኘ ቁጥር በሌላ ሕዝብ ላይ እንዲሁ አይደገምም። የታማሚዎች ዕድሜ፣ የዕጢው ቦታና የበሽታው ብዛት ሲለወጥ የምርመራው አስተማማኝነትም ይለወጣል፤ በተለይ በሽታው አነስተኛ በሆነበት አካባቢ አለብህ ከሚባሉት ሰዎች መካከል በእርግጥ የሌለባቸው ድርሻ ይበዛል። ስለዚህ ምርመራው በሥራ ላይ በሚውልበት ሕዝብ መካከል እንደገና መፈተሽ አለበት። በየትኛውም የሰገራ ወይም የደም ምርመራ አለ የተባለ ሰው ደግሞ ኮሎኖስኮፒ ማድረጉ ግዴታ ነው።

የጂን መታፈን ሕክምናን ይለውጣል?

በኤምኤልኤች1 በኩል አዎን። የማይክሮሳተላይት አለመረጋጋት ያለበት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞቴራፒ የተሻለ ውጤት ስላሳየ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ሕክምናነት ጸድቋል። ባልተዛመተ የሁለተኛ ደረጃ ካንሰር ላይ ደግሞ ፍሎሮዩራሲል የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብቻውን ለእነዚህ ታማሚዎች አይጠቅምም። ሜቲሉን በቀጥታ የሚያነሱት አዛሲቲዲንና ዴሲታቢን በአንዳንድ የደምና የመቅኔ በሽታዎች ላይ ያገለግላሉ፤ ለአንጀት ካንሰር ግን እስካሁን መደበኛ ሕክምና አልሆኑም።

ፎሊክ አሲድ በመውሰድ መከላከል ይቻላል?

ፎሌት የተባለው ቫይታሚን (ፎሊክ አሲድ በክኒን መልክ የሚሰጠው ዓይነቱ ነው) ሜቲል ለማቅረብ ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስል ነበር። ቀደም ሲል አዴኖማ የተነሳላቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የሙከራ ጥናት ግን በቀን 1 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የአዴኖማን ዳግም መከሰት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብዙ አዴኖማ የመኖር አዝማሚያ ታይቷል። ለዚህ ዓላማ ክኒን መውሰድ አይመከርም። ሲጋራ ማቆምና በወቅቱ መመርመር የተሻለ ማስረጃ አላቸው።

መታፈኑ ወደ ልጆች ይተላለፋል?

በአብዛኛው አይተላለፍም፤ በዕጢው ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ በዕጢው ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ውጪ የሆኑት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ኤፕካም የተባለው ጂን መጨረሻው ሲቆረጥ ንባቡ ሳይቆም ወደ ጎረቤቱ፣ እንደ ኤምኤልኤች1 የዲኤንኤ ስህተትን ወደሚያርመው ኤምኤስኤች2 አልፎ ፕሮሞተሩን በሜቲል የሚያስታፍንበት ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስና በቻይና ቤተሰቦች ውስጥ ተገልጿል፤ አሠራሩም በሁለቱም አንድ ነው። የሚወረሰው የተቆረጠው ዲኤንኤ ሲሆን መታፈኑ ተከትሎት ይመጣል። ሌላው የኤምኤልኤች1 መታፈን በዕጢው ብቻ ሳይወሰን በደም ህዋሳትም ውስጥ የሚገኝበት ብርቅ ሁኔታ ነው።

ኤምኤልኤች1 የለም የሚል ውጤት ከደረሰኝ ሐኪሜን ምን ልጠይቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የጠፋው በመታፈን ነው ወይስ በተወረሰ ሚውቴሽን የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆችም መመርመር አለባቸው። በብዙ ቦታ ይህን ለመለየት መጀመሪያ የሚታየው የብራፍ ሚውቴሽን ነው፤ ከተገኘ ሊንች ሲንድሮም መሆኑ እጅግ የራቀ ይሆናል። አለመገኘቱ ግን ተቃራኒውን አያረጋግጥም፣ በተለይ ሚውቴሽኑ ብዙም በማይታይባቸው ሕዝቦች ዘንድ። ስለዚህ ብራፍ ካልተገኘ የኤምኤልኤች1 ፕሮሞተር ሜቲሌሽን ራሱ እንዲመረመር ይጠይቁ፤ ታማሚው በዕድሜ ወጣት ከሆነ ደግሞ ሜቲሌሽኑ ከዕጢው በተጨማሪ በደም ናሙናም ላይ እንዲታይ ማሳሰብ ተገቢ ነው።